በባሕር ዳርና በጣና ዳርቻ ትምህርት ቤቶች የኤሌክትሪክና የማገዶ ብክነትን መቀነስ፦ የአሠራር መመሪያ

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በባሕር ዳር ከተማና በጣና ሐይቅ ዳርቻ ባሉ ቀበሌዎች ለሚገኙ ትምህርት ቤቶች ርእሰ መምህራን፣ የፋይናንስና የንብረት ሠራተኞች፣ የሳይንስ ክበብ ተጠሪዎች እንዲሁም የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት አባላት ነው። ስለ ኃይል ቁጠባ ሲነሣ በመጀመሪያ ወደ አእምሮ የሚመጣው ቆጣቢ አምፖል መግዛት ነው፤ እኔም የፊዚክስ መምህር ሆኜ ሥራውን ስጀምር ያሰብኩት ይህንኑ ነበር። ዛሬ የምመክረው ቅደም ተከተል ግን የተለየ ነው። በቅድሚያ ይለካል፤ ቀጥሎ ሰው በሌለበት ሰዓት የሚፈሰው ኃይል ይቆማል፤ ከዚያም ለእያንዳንዱ ማብሪያ ማጥፊያ ኃላፊ ይመደባል፤ ግዢ የሚመጣው በመጨረሻ ነው። የዚህ ቅደም ተከተል ምክንያት በሁለተኛው ደረጃ ላይ በተቀመጠው ስሌት ይታያል።

ደረጃ 1፦ ቆጣሪውን ማንበብ

በግቢው ውስጥ ያሉትን ቆጣሪዎች በሙሉ ፈልገው ያግኙ። በተለያየ ጊዜ በተጨማሪ ሕንፃዎች የሰፋ ትምህርት ቤት ሁለትና ሦስት ቆጣሪ ሊኖረው ይችላል፤ የመምህራን ሻይ ቤት ወይም ለግንባታ ተብሎ በጊዜያዊነት የተዘረጋ መስመር ከትምህርት ቤቱ ቆጣሪ ላይ ተቀጥሎ ሳይነቀል የሚቀርበትም ጊዜ አለ። የትኛው ቆጣሪ የትኛውን ሕንፃ እንደሚመግብ ለማወቅ ተማሪዎች በሌሉበት ሰዓት የየሕንፃውን ብሬከር (የኤሌክትሪክ መስመሩን የሚዘጋውን ማብሪያ ማጥፊያ) በየተራ እያጠፉ የትኛው ቆጣሪ እንደሚቆም ማየት በቂ ነው።

ከዚያ በኋላ አንድ የመዝገብ ደብተር ይክፈቱና በየወሩ በተወሰነ ቀን፣ ለምሳሌ በየወሩ በ5ኛው ቀን፣ የቆጣሪውን ንባብ በኪሎዋት ሰዓት ይመዝግቡ። ንጽጽሩ በብር እንዳይሆን ይጠንቀቁ፤ ታሪፉ በየጊዜው ስለሚሻሻልና በደረሰኙ ላይ ሌሎች ክፍያዎችም ስለሚጨመሩ፣ ፍጆታው ቀንሶ ሳለ ሂሳቡ የጨመረበት ትምህርት ቤት ልፋቱ ከንቱ የቀረ ይመስለዋል። ቆጣሪው የቅድመ ክፍያ ከሆነ በስክሪኑ ላይ በተለምዶ የሚታየው ቀሪው ሂሳብ ነው፤ መመዝገብ ያለበት ግን ቆጣሪው ከተተከለበት ጊዜ ጀምሮ የቆጠረው ጠቅላላ ፍጆታ ነው። ቆጣሪው የድህረ ክፍያ ከሆነ ደግሞ በደረሰኙ ላይ የሠፈረው ንባብ በቆጣሪው ላይ ካለው ጋር መመሳሰሉን ያረጋግጡ። ልዩነት ካለ ሂሳቡ በግምት ተሠርቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ራስዎ የመዘገቡትን ንባብ ይዘው አገልግሎት መስጫ ማዕከሉን ይጠይቁ።

ከወርሃዊው ንባብ በላይ የሚጠቅመው ግን የቅዳሜና እሑድ ንባብ ነው። ዓርብ ከቀኑ 11:30 ላይ ሁሉም ከወጣ በኋላ ቆጣሪውን ያንብቡ፤ ሰኞ ከጠዋቱ 1:30 ላይ፣ የሰልፍ ደወል ሳይደወል፣ እንደገና ያንብቡ። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ 62 ሰዓት ነው። ልዩነቱ 31 ኪሎዋት ሰዓት ሆኖ ቢገኝ፣ 31 ለ62 ሲካፈል 0.5 ኪሎዋት ይሆናል፤ ይህም ማለት ማንም ሳይኖር፣ ሌሊትም ቀንም፣ በአማካይ 500 ዋት ሲፈስ ቆይቷል ማለት ነው። የማታ ትምህርት ወይም የቅዳሜ ማጠናከሪያ ትምህርት ያለበት ትምህርት ቤት ይህንኑ ከቅዳሜ ማታ እስከ ሰኞ ጠዋት ማድረግ ይችላል። በየትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህሩን ከወንበሩ የሚያስነሣው ቁጥር ይህ ነው፤ ስለዚህ ለስብሰባ ይዘው የሚገቡት አንድ ቁጥር ብቻ ከሆነ ይኸኛውን ይያዙ።

አንድ ዕቃ ብቻውን ምን ያህል እንደሚወስድ ማወቅ ከተፈለገ ሌሎቹን በሙሉ አጥፍቶ የቆጣሪውን ብልጭታ መቁጠር ይቻላል። በዲጂታል ቆጣሪ ፊት ላይ ለ1 ኪሎዋት ሰዓት ስንት ጊዜ ብልጭ እንደሚል ተጽፏል። ለምሳሌ 1,600 ቢሆንና በ1 ደቂቃ ውስጥ 16 ብልጭታ ቢቆጠር፣ በደቂቃ 0.01፣ በሰዓት ደግሞ 0.6 ኪሎዋት ሰዓት፣ ማለትም 600 ዋት ይሆናል። በአሮጌዎቹ ቆጣሪዎች ላይ በብልጭታው ፈንታ የሚሽከረከረውን ዲስክ ዙር መቁጠር ነው።

ደረጃ 2፦ ዕቃዎችን መቁጠርና ማስላት

የሳይንስ ክበብ ተማሪዎችን በሁለት ወይም በሦስት ቡድን ከፍለው በየክፍሉ ያሉትን አምፖሎች፣ ኮምፒውተሮች፣ ማተሚያዎች፣ ማቀዝቀዣዎች፣ ምድጃዎችና ምጣዶች ይቁጠሩ። በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ የተጻፈውን ዋት፣ በቀን ስንት ሰዓት እንደሚሠራና በወር ስንት ቀን እንደሚበራ ያስመዝግቡ። ዋቱ በሰዓቱ ተባዝቶ ለ1,000 ሲካፈል ኪሎዋት ሰዓት ይገኛል። የሰዓቱን ግምት ከመምህራን ብቻ አይቀበሉ፤ የጽዳት ሠራተኞችና ጥበቃዎች የሚሰጡት መልስ የበለጠ ለእውነቱ የቀረበ ነው፤ ማን ሳያጠፋ እንደሚሄድ የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና።

አሁን በመግቢያው ወደተጠቀሰው ስሌት እንመለስ። አራት የመማሪያ ክፍሎች ያሉትን አንድ ሕንፃ እንውሰድ፤ በየክፍሉ አራት ረጃጅም የፍሎረሰንት አምፖሎች አሉ፤ በጠቅላላው 16። ባለ 36 ዋቱ አምፖል ከነባላስቱ (አምፖሉን ከሚያስነሣው መሣሪያ ጋር) 45 ዋት ያህል ይወስዳል፤ ስለዚህ ሁሉም ሲበሩ 720 ዋት ነው። በቀን 8 ሰዓት፣ በወር 22 ቀን ቢበሩ 126.7 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ትምህርት ቤቱ ገንዘብ አውጥቶ ሁሉንም በባለ 18 ዋት ኤልኢዲ ቢቀይርና ልማዱ ግን ባይቀየር፣ ፍጆታው ወደ 50.7 ይወርዳል። አንድም አምፖል ሳይገዛ በመስኮት በኩል ያለው ረድፍ ቀኑን ሙሉ ቢጠፋና ሌላው ረድፍ ለ4 ሰዓት ብቻ ቢበራስ? 360 ዋት ለ88 ሰዓት፣ ማለትም 31.7 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ምንም ያልገዛው ከገዛው በልጦ ይገኛል። ሁለቱም አንድ ላይ ሲሆኑ ደግሞ 12.7 ላይ ይደርሳል። ይህን ስሌት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ለመምህራን ማሳየት ከማንኛውም ማስታወቂያ የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ደረጃ 3፦ ሌሊቱንና በዓላቱን መዝጋት

ከመጀመሪያው ደረጃ የተገኘውን የቅዳሜና እሑድ ቁጥር ይዘው፣ አንድ ምሽት ከጥበቃው ጋር ግቢውን ይዙሩ። ብዙውን ጊዜ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው የውጭ መብራት ነው። አራት ባለ 100 ዋት አምፖሎች ከምሽቱ 12:00 እስከ ጠዋቱ 12:00 ቢበሩ በወር 144 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃሉ፤ ከላይ ካየነው ባለ አራት ክፍል ሕንፃ ፍጆታ ይበልጣል። ጠዋት ሳይጠፉ ቢውሉ እጥፍ ይሆናል፤ በጠራራ ፀሐይ የሚበራ የግቢ መብራት ደግሞ ከሩቅ ስለማይታይ ሳምንታት ሊያልፉት ይችላሉ። የውጭ መብራት በኤልኢዲ ቢቀየር ወጪውን ፈጥኖ ስለሚመልስ፣ ግዢ በመጨረሻ ነው ካልኩት ደንብ ይህን አንዱን አወጣዋለሁ። ሲመሽ በራሱ የሚያበራና ሲነጋ የሚያጠፋ የብርሃን መቆጣጠሪያ ቢጨመርበት የማስታወሱ ሥራ ከጥበቃው ትከሻ ይወርዳል።

ከውጭ መብራት ቀጥሎ ያልጠፉ ፎቶ ኮፒዎች፣ ባዶ ማቀዝቀዣዎች፣ ሶኬት ላይ የቀሩ የውኃ ማሞቂያዎችና ዩፒኤሶች (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን የሚያቆዩ ባለ ባትሪ መሣሪያዎች) ይገኛሉ። የጥበቃ ቤቱ ምድጃም በዚሁ ፍተሻ ይታያል፤ ስለዚህ አንድ ነገር በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ከሐይቁ አካባቢ ብርድ ጋር ለሚያድር ሰው ሻይ ማፍያውን መንጠቅ ቁጠባ አይደለም። የክፍሉን በርና መስኮት ማስጠገን፣ ብርድ ልብስ መስጠትና ክፍሉን ለማሞቅ ተብሎ ሲግል የሚያድረውን ምድጃ ክዳን ባለው ማንቆርቆሪያና በፔርሙስ መተካት ግን ለሁለቱም ወገን ይበጃል።

ዓርብ ማታ የሚዘጉ ብሬከሮችን ዝርዝር በማከፋፈያ ሳጥኑ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ ይለጥፉ። የማይዘጉትን፣ ለምሳሌ የጥበቃ ቤቱንና የኢንተርኔት መሣሪያውን፣ በቀይ ቀለም ለይተው ምልክት ያድርጉባቸው።

ደረጃ 4፦ ለእያንዳንዱ ማብሪያ ኃላፊ መመደብ

በየክፍሉ በር ላይ «መብራት ያጥፉ» የሚል ወረቀት መለጠፍ የተለመደ ነው። በአንድ ትምህርት ቤት እኔ ራሴ በትጋት ለጥፌ፣ በወሩ መጨረሻ ንባቡ ቅንጣት ሳይቀንስ አግኝቼዋለሁ። ለሁሉም የተባለ ሥራ የማንም አይሆንም። በምትኩ የሚሠራው ነገር ስም ያለው ኃላፊነት ነው። የጠዋቱ ፈረቃ ሲወጣ የሚያጠፋው የክፍል አለቃ፣ የከሰዓቱ ፈረቃ ሲያልቅ ደግሞ ክፍሉን የሚያጸዳው ሠራተኛ እንደሆነ ተጽፎ፣ በክፍሉ ፕሮግራም ግርጌ ይሰቀል። በእረፍት ሰዓት ተረኛው መምህር ሲዞር የበራ ክፍል ካገኘ የክፍሉን ቁጥር ብቻ ይመዝግብ፤ ተማሪ መቅጣት አያስፈልግም፤ ቁጥሩ በሳምንቱ መጨረሻ በሰልፍ ላይ ሲነበብ ይበቃል።

አንድ ማብሪያ የክፍሉን አራቱንም አምፖሎች በአንድ ላይ የሚያበራ ከሆነ ኃላፊ መመደቡ ብቻውን ብዙ አይረዳም፤ መምህሩ ሰሌዳው ጨለመበት ብሎ ሁሉንም ያበራልና። ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን መስመሩን ከፍሎ የመስኮቱን ረድፍና የግድግዳውን ረድፍ በተለያየ ማብሪያ እንዲያደርገው ማሠራት ብዙ ወጪ የማይጠይቅ፣ ውጤቱ ግን ዓመታት የሚቆይ ሥራ ነው።

ተማሪዎችን ለማነሣሣት የባሕር ዳር መምህር ከሌላው ከተማ መምህር የተሻለ ዕድል አለው፤ የኃይሉ ምንጭ ደጁ ላይ ነውና። የጢስ ዓባይ የመጀመሪያው የኃይል ማመንጫ ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ የሠራው ከጣና በሚወጣው የዓባይ ውኃ ነው፤ በ2002 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውና 460 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው የጣና በለስ ማመንጫም ውኃውን በዋሻ የሚወስደው ከዚሁ ሐይቅ ነው። ለሽርሽር ጢስ ዓባይ የሄደ ተማሪ ውኃው ወደ ማመንጫው ሲመለስ ፏፏቴው እንደሚቀንስ በዓይኑ አይቷል። ስለዚህ በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ይህን ያሠሯቸው፦ 1 ሜትር ኩብ ውኃ 100 ሜትር ሲወርድ የሚሰጠው ኃይል፣ አንዳች ብክነት ባይኖር እንኳ፣ 0.27 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ እንግዲያው ለ1 ኪሎዋት ሰዓት 3.7 ሜትር ኩብ፣ ማለትም ባለ 200 ሊትር በርሜል 18 ጊዜ ሞልቶ ከዚያ ከፍታ መልቀቅ ያስፈልጋል። ውኃ ከቦኖ የቀዳ ልጅ የ18 በርሜልን ክብደት ያውቀዋል።

ደረጃ 5፦ የቀን ብርሃንንና የሐይቁን ነፋስ መጠቀም

ባሕር ዳር ከምድር ወገብ 11.6 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን ርቃ የምትገኝ በመሆኗ የቀኑ ርዝመት በዓመቱ ውስጥ ብዙ አይለዋወጥም፤ መደበኛው ትምህርትም ሙሉ በሙሉ በቀን ብርሃን ውስጥ ያልቃል። ታዲያ ክፍሎቹ ለምን ይጨልማሉ? መልሱ ብዙውን ጊዜ መስኮቱ ላይ ነው። በበርካታ ትምህርት ቤቶች መስኮቱ ከላሜራ የተሠራ ስለሆነ ነፋስ ወይም ዝናብ መጣ ተብሎ ሲዘጋ ክፍሉ ጎተራ ይሆናል። ከመስኮቱ የላይኛው ሲሶ እንኳ በመስታወት ቢተካ፣ የታችኛው እንደተዘጋ ብርሃኑ ከላይ ይገባል፤ ከላይ የሚገባ ብርሃን ደግሞ ወደ ክፍሉ ውስጥ ዘልቆ የሚደርሰው እርሱ ነው። መስታወት ያላቸው ክፍሎች በበጋው አቧራ ስለሚሸፈኑ በየሁለት ሳምንቱ ይጠረጉ።

ቀጥሎ ግድግዳውንና ኮርኒሱን ነጭ ወይም ለነጭ የቀረበ ቀለም ይቀቡ። ከወገብ በታች ተማሪ ስለሚነካካው ጠቆር ያለ ቀለም ቢሆን ችግር የለውም፤ ብርሃኑን የሚመልሰው የላይኛው ክፍል ነው። ጣሪያው ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ከሆነ አንድ ሁለት ቅጠል ቆርቆሮ ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ መተካት ክፍሉን በእጅጉ ያፈካዋል። ይሁን እንጂ ሁለት ነገር ልብ ይበሉ፤ መገጣጠሚያው በጥንቃቄ ካልተሠራ በሰኔ ዝናብ ያፈሳል፤ ከሚገባው በላይ ከበዛም ክፍሉን እንደ ምድጃ ያሞቀዋል።

ሙቀቱ የሚጠነክረው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው። በዚህ ጊዜ ማራገቢያ ከመግዛት በፊት የነፋሱን አቅጣጫ መጠቀም ይቀድማል። ቀን ቀን መሬቱ ከውኃው ፈጥኖ ስለሚሞቅ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ የብሱ ይነፍሳል፤ ባሕር ዳር ከሐይቁ በስተደቡብ በመሆኗ ነፋሱ የሚመጣባት ከሰሜን ነው፤ በሰሜኑ ዳርቻ፣ በጎርጎራ በኩል ላለ ትምህርት ቤት ደግሞ በተቃራኒው ከደቡብ ነው። ወደ ሐይቁ የሚያየው መስኮትና ከእርሱ ትይዩ ያለው መስኮት ወይም በር አንድ ላይ ካልተከፈቱ ግን ነፋሱ አይዘልቅም፤ መግቢያ ብቻ ያለው ነፋስ ደጅ ቆሞ ይቀራል። ስለዚህ በጓሮ በኩል ያለውን መስኮት በአግዳሚ ወንበርና በተሰበረ ዴስክ ክምር መዝጋት ይቅር።

ፀሐይን በተመለከተ፣ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ በእኩለ ቀን ጥቂት ወደ ሰሜን፣ በቀሪው ጊዜ ደግሞ ወደ ደቡብ ዘንበል ትላለች። በሰሜንና በደቡብ ያሉ መስኮቶችን በመጠነኛ የጣሪያ ክፈፍ መከለል የሚቻለው ስለዚህ ነው። የሚያስቸግረው የምዕራቡ ግድግዳ ነው፤ የከሰዓቱ ፈረቃ ተማሪዎች የሚሠቃዩት ዝቅ ብላ በምትገባው የ9 እና የ10 ሰዓት ፀሐይ ነውና፣ ለእርሷ መድኃኒቱ ክፈፍ ሳይሆን ዛፍ ነው። ባሕር ዳር በዘንባባዎቿ ብትታወቅም ለዚህ ሥራ ዘንባባ አይመረጥም፤ ጥላው ከላይ ነው፤ ቅርንጫፉ ዝቅ ብሎ የሚሰፋ ዛፍ ከግድግዳው ጥቂት ሜትሮች ርቆ ይተከል። አዲስ ሕንፃ የሚሠራ ትምህርት ቤት ካለ ረጃጅሞቹ ጎኖች ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ እንዲያዩ አድርጎ ቢያስቀምጥ ይህ ሁሉ ጣጣ ከመጀመሪያው አይመጣም።

ደረጃ 6፦ የኮምፒውተር ክፍል፣ ፕላዝማና ፎቶ ኮፒ

እዚህ ላይ ሥራው አጭር ነው። ኮምፒውተር ከ15 ደቂቃ በላይ ካልተነካ በራሱ እንዲያሸልብ ያስተካክሉት፤ በስክሪኑ ላይ የሚንቀሳቀስ ሥዕል ኃይል አይቆጥብም። ወፍራም ጀርባ ያላቸው አሮጌ ስክሪኖች ካሉ ከሁሉ በፊት የሚቀየሩት እነርሱ ናቸው። የአንድ ረድፍ ኮምፒውተሮች በአንድ ባለ ማጥፊያ ማከፋፈያ ላይ ቢሰኩ፣ ትምህርቱ ሲያልቅና ማሽኖቹ በሥርዓት ከተዘጉ በኋላ በአንድ ጣት ይጠፋሉ። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ያሉት አሮጌ ፕላዝማዎች በመቶዎች የሚቆጠር ዋት ስለሚወስዱ ሥርጭቱ እንዳለቀ ከሶኬቱ ይነቀሉ፤ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ቮልቴጁ ስለሚዋዥቅም መንቀሉ ዕቃውን ከመቃጠል ያድነዋል። ፎቶ ኮፒ ብዙ ኃይል የሚወስደው ሲግል ነውና አንድ ወረቀት በመጣ ቁጥር ከማብራት ይልቅ የፈተናና የወርክ ሺት ብዜት በተወሰነ ሰዓት ተጠራቅሞ ቢሠራ ይሻላል።

ደረጃ 7፦ ማብሰያ ቤቱ

የምገባ መርሐ ግብር ያለው ትምህርት ቤት ትልቁ የኃይል ፍጆታው ምናልባት በኤሌክትሪክ ደረሰኝ ላይ ጨርሶ አይታይም፤ የማገዶ ክምሩ ላይ ነው። ስለዚህ ማገዶም እንደ ቆጣሪ ይነበብ። ከእሳቱ በፊት በሚዛን ተመዝኖ፣ ለስንት ተማሪ ምን ምግብ እንደተሠራ በደብተሩ ላይ ይጻፍ። ለሁለት ሳምንት ብቻ ቢመዘገብ እንኳ የቱ ምግብ ማገዶ በላተኛ እንደሆነ ይለያል።

በመጀመሪያ ማገዶው ደረቅ መሆን አለበት። አዲስ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ከክብደቱ እስከ ግማሽ የሚደርሰው ውኃ ሊሆን ይችላል፤ ትምህርት ቤቱ ለውኃው ይከፍላል፤ ከዚያም እሳቱ ወጡን ከማፍላቱ በፊት ያንን ውኃ ሲያተን ይውላል፤ ጭሱን የምትተነፍሰው ደግሞ ምግብ አብሳይዋ ናት። ስለዚህ የዓመቱ ማገዶ ከጥቅምት በኋላ በበጋው ይገዛ፣ ተፈልጦ ነፋስ በሚያገኘው መንገድ ይደርደር፣ ግንቦት ሳይወጣም ጣሪያ ሥር ይግባ። ውፍረቱ ከእጅ አንጓ ባይበልጥ ይነዳል፤ ግንዱ እንዳለ ሲገባ ይጨሳል።

ሁለተኛው ባቄላው፣ ሽምብራውና ቦሎቄው ማታ ተዘፍዝፎ ማደሩ ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ ጥራጥሬ እዚህ ከቆላው ይልቅ ለመብሰል የሚዘገየው በዚህ ምክንያት ነው። ተዘፍዝፎ ያደረ ጥራጥሬ የመብሰያ ጊዜው በግልጽ ያጥራል። ድስቱ ይከደን፤ አንዴ ከፈላ በኋላም እሳቱ ይቀነስ፤ እየተንፈቀፈቀ የሚፈላ ውኃ ቀስ ብሎ ከሚፈላው አይሞቅም፤ ትነቱ ብቻ ነው የሚጨምረው።

ሦስተኛው ምድጃው ነው። «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይባላል፤ ማገዶን በተመለከተ ግን ጉልቻን መለወጥ ብዙ ያተርፋል። ለእንጀራ መጋገሪያ የሚሠራው፣ «ምርጥ» በሚል ስም የሚታወቀው የሲሚንቶ ምድጃ ክፍት ከሆነው ሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የማገዶ ፍጆታውን በግማሽ ገደማ እንደሚቀንስ ይታወቃል። ለትልልቅ ድስቶች ደግሞ ድስቱ ውስጡ ጥልቅ ብሎ የሚገባበትና ጭስ ማውጫ ያለው የተቋም ምድጃ ይሠራል፤ ዋናው ነገር በድስቱና በምድጃው ግድግዳ መካከል ያለው ክፍተት ጠባብ መሆኑ ነው። ስለዚህ ምድጃው ከመታዘዙ በፊት የድስቶቹ ዙሪያ ይለካ፤ ምድጃውን ያለ ድስቱ ልክ ያሠራ ትምህርት ቤት በሁለተኛው ወር ወደ ሦስት ጉልቻው ሲመለስ አይቻለሁ። አብሳዮቹም ምድጃው ሳይሠራ ይጠየቁ፤ ቁመቱ ለወገባቸው የማይመች ምድጃ ምንም ቆጣቢ ቢሆን አይገለገሉበትም።

በኤሌክትሪክ ምጣድ የሚጋገር ከሆነ፣ ባለ 4 ኪሎዋት ምጣድ ለ15 ደቂቃ ባዶውን ሲግል 1 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ ይህም ባለ 9 ዋት አምፖልን ከ110 ሰዓት በላይ ያበራል። ሊጡ ተዘጋጅቶ፣ አብሲቱ ገብቶ፣ ማሰሻው ቀርቦ ካልሆነ ምጣዱ አይሰካ። የሁለት ቀን እንጀራ በአንድ ቀን ቢጋገር አንዱ የማሞቂያ ጊዜ ይተርፋል። የመጨረሻዎቹ አንድ ሁለት እንጀራዎች ከተነቀለ በኋላ በቀረው ግለት እንደሚወጡ ጋጋሪዎቹ ከእኔ በላይ ያውቁታል።

ደረጃ 8፦ የውኃ መሳቢያ

ሮቶ ሞልቶ እየፈሰሰ የሚሠራ ፓምፕ ውኃም ኃይልም ያባክናል፤ ሲሞላ በራሱ የሚያቆም ተንሳፋፊ ማብሪያ ይገጠምለት። የሚያንጠባጥቡ ቧንቧዎችና የሽንት ቤት ማጠራቀሚያዎች በየወሩ ይፈተሹ። ክረምቱ በበቂ ስለሚዘንብ ከጣሪያ የሚወርደውን ውኃ ለጽዳትና ለችግኝ ማጠራቀም የፓምፑን ሥራ ያቀልላል።

ደረጃ 9፦ መግዛት

ከሦስት ወር መዝገብ በኋላ የትኛው አምፖል ረጅም ሰዓት እንደሚበራ ይታወቃል፤ ግዢው ከእርሱ ይጀምር። በቀን ግማሽ ሰዓት የሚበራውን የመጋዘን አምፖል መቀየር የመጨረሻው ነው። ረጃጅሞቹን ፍሎረሰንቶች በኤልኢዲ ሲቀይሩ ባላስቱ ከመስመሩ መውጣት ሊያስፈልግ ስለሚችል ሥራውን ኤሌክትሪሺያን ይሥራው። የወጡት ፍሎረሰንቶች ውስጣቸው ሜርኩሪ ስላለ ሳይሰበሩ በካርቶን ተቀምጠው ከተማሪ ይራቁ፤ በግቢው ቆሻሻ ጉድጓድ ውስጥ እንዳይጣሉ።

ጀነሬተር ያለው ትምህርት ቤት መጠኑን ከሚያነሣው ጭነት ጋር ያመሳክር፤ ለጽሕፈት ቤቱ ሁለት ኮምፒውተር ተብሎ ትልቅ ጀነሬተር ማስነሣት ነዳጅ ማቃጠል ነው። የፀሐይ ኃይል መትከል የሚፈልግ ደግሞ ከላይ ያሉትን ደረጃዎች ጨርሶ ይምጣ፤ ፍጆታው ሲያንስ የሚገዛው ፓኔልና ባትሪም ያንሳልና። ፓኔሉ ወደ ደቡብ ከ12 እስከ 15 ዲግሪ ያህል ያዘነበለ፣ የዛፍ ጥላ የማያርፍበት ይሁን፤ በበጋው ወራት አቧራው በጠዋት፣ ሳይግል፣ በውኃ ይታጠብ።

ደረጃ 10፦ የሰኔ መዝጊያና ርክክብ

ትምህርት በሰኔ ሲዘጋ ማቀዝቀዣዎች ተራግፈው ይነቀሉ፣ በራቸውም ገርበብ ብሎ ይቅር፤ የማያስፈልጉ ሕንፃዎች ብሬከር ይዘጋ፤ የሐምሌና የነሐሴ ንባብም እንደተለመደው ይመዝገብ። በእነዚህ ሁለት ወራት ፍጆታው ከመደበኛው ወር ጋር ተቀራርቦ ከታየ አንድ ያልተገኘ ነገር አለ ማለት ነው፤ ወደ ደረጃ 3 መመለስ ያስፈልጋል። በመስከረም ንጽጽሩ ካለፈው ወር ጋር ሳይሆን ከአምናው መስከረም ጋር ይሁን፤ የተማሪው ብዛት ከተለወጠም ፍጆታው ለተማሪው ቁጥር ተካፍሎ ይወዳደር።

ርእሰ መምህሩ ወይም የክበቡ ተጠሪ ሲቀየር ደብተሩ፣ የብሬከሮቹ ዝርዝርና የድስቶቹ ልክ የተጻፈበት ወረቀት ከማኅተሙና ከቁልፎቹ ጋር በርክክብ ሰነዱ ላይ በቁጥር ይሥፈሩ፤ ተረካቢውም ከመፈረሙ በፊት ከአስረካቢው ጋር ወደ ቆጣሪው ሄዶ የዕለቱን ንባብ በራሱ እጅ ይጻፍ።